በቀኝ ወንበር ያለው ረዳት



እኛ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነን። ቤታችን ኮልፌ ቀራንዮ ነው፤ አንዳንዶቻችን አጠና ተራ አካባቢ፣ አንዳንዶቻችን አየር ጤና፣ ሌሎቻችን ዓለም ባንክ እንኖራለን። ሐሙስ ማታ ከተማ ውስጥ ያለን ሁሉ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ቃሉን እናነባለን፣ እንጸልያለን። ሰባት ሆነን የምንገናኝበት ሳምንት አለ፤ ሁለት ብቻ የምንሆንበትም አለ፤ የቀረነው መንገድ ላይ ነንና። ይህንንም ጽሑፍ የጻፍነው በጋራ ነው። አንዱ እየጻፈ ሌሎቻችን እየተናገርን፣ ከጉዞ የተመለሰው ደግሞ የተጻፈውን እያረመ፣ ጥቂት ሐሙሶችን ወስዶብናል።

ልናካፍላችሁ የወደድነው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉም “ረዳት” የሚለው ነው።

መንገዳችን

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከእርሷ የወጣ መኪና ውሎ አድሮ ቁልቁለት ያገኘዋል። ከአየር ጤና ተነሥተን በወሊሶና በወልቂጤ አድርገን ወደ ጅማ ስንሄድ የጊቤ ሸለቆ አለ። ወደ ደሴ ስንሄድ ከደብረ ብርሃን በኋላ ጣርማ በር አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፈን፣ ብዙ ጊዜም በጉም ውስጥ፣ ወደ ደብረ ሲና እንወርዳለን። ከጎንደር ወዲያ ደግሞ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞ አለ። እዚያ መንገዱ በገደሉ ግድግዳ ላይ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው።

አብዛኞቻችን የምናዘወትረው ግን የጎጃምን መስመር ነው። ከመርካቶ ሳሙናውን፣ ቆርቆሮውን፣ ስኳሩን ጭነን በዊንጌት በኩል ወደ አዲሱ ገበያ እንወጣለን። የእንጦጦን ትከሻ አልፈን በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪ፣ በፍቼና በገብረ ጉራቻ አድርገን ጎሐ ጽዮን እንደርሳለን። ስንመለስ ጤፍና በቆሎ ጭነን ወደ እህል በረንዳ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ቢሆን ግማሽ ሰዓት ይበቃው ነበር። ነገር ግን ከአፋፉ እስከ አባይ ወንዝ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለውን የህዳሴ ድልድይ ተሻግረን የወረድነውን ያህል ደግሞ ወደ ደጀን እንወጣለን። ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ፣ ታች ሸሚዝ የሚያስወልቅ ሙቀት ነው። መሬቱ ቀስ እያለ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ተጠግኖ ሳይቆይ ይታጠፋል፤ ትናንት ያለፍንበት ቦታ ዛሬ ሌላ ሆኖ ይጠብቀናል።

መኪና ለማታውቁ አንድ ነገር እናስረዳችሁ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ተሳቢ ያለው መኪና እስከ 400 ኩንታል ይጭናል፤ 40,000 ኪሎ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ክብደት ቁልቁለት ላይ በፍሬን ብቻ አይያዝም። ፍሬን ሲረገጥ ሸራው ከታምቡሩ ጋር ይፋተጋል፣ በፍትጊያውም ይግላል። ሳያሳርፉት ረግጠው ከቆዩ የመያዝ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል፣ ቀጥሎ ጭስ። ስለዚህ ገና አፋፉ ላይ ሳለን ከባድ ማርሽ እናስገባለን፤ ሞተሩ ራሱ እየጎተተ እንዲይዘን ነው። የቀደሙን ሾፌሮች በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ብለው ነው ያስተማሩን።

ብቻ መንዳት

ቀድሞ ጭነት መኪና ያለ ረዳት ከከተማ አይወጣም ነበር። ዛሬ ግን ከመካከላችን ብዙዎቻችን ብቻችንን እንነዳለን። ነዳጁ፣ ጎማው፣ መለዋወጫው ተወዷል፤ ከጭነቱ ሒሳብ ላይ የረዳት አበል ሲነሣ ለቤት የሚተርፍ ይጠፋል። ወጣቶቹም ቢሆኑ በጭነት ላይ ተኝቶ ከማደር ሌላ ሥራ ይሻላቸዋል፤ አንፈርድባቸውም።

ስለዚህ ጋቢናው ቤታችን ሆኗል። ከወንበሩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ፍራሽ ላይ እንተኛለን። ብርድ ልብሱ፣ የውሃው ጀሪካን፣ በሶው፣ እናታችን ወይም ባለቤታችን የቋጠሩልን ዳቦ ቆሎ፣ ሁሉም እዚያው ነው። መጽሐፍ ቅዱሳችን ከመስታወቱ ሥር ተቀምጦ ሽፋኑ በፀሐይ ነጥቷል። ማታ ጎሐ ጽዮን ከደረስን በጨለማ ከመውረድ እዚያው እናድራለን። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ በዚህ መስመር ሾፌሮችና ተሳፋሪዎች ታግተዋል፣ ነፍስም ጠፍቷል፤ መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በሩን ቆልፈን ስንተኛ የምናስበው ብዙ ነው።

ብቻ መንዳት የራሱ በረከት አለው፤ አንክድም። ጸጥታው ለጸሎት ይመቻል። ጎህ ሲቀድ ከአፋፉ ሆነን በሸለቆው ላይ የተኛውን ጉም እያየን የዘመርነው ዝማሬ በአዳራሽ ውስጥ ከዘመርነው የሚበልጥብን ቀን አለ። ነገር ግን ብቸኝነቱም ብቸኝነት ነው። ልጅ ታሞ ስልክ ሲደወልልን 400 ኪሎ ሜትር ርቀን ነው። በየከተማው ሰውን የሚጠራ ነገር ሞልቷል፤ መጠጡ አለ፣ ጫቱ አለ፣ ሌላውም አለ። የሚያየን ሰው የለም። የሚያየን ሰው የሌለበት ቦታ ደግሞ የሰው እምነት የሚለካበት ቦታ ነው።

ረዳት ምን ይሠራል?

ረዳት ከሌለ በኋላ ነው ረዳት ምን ይሠራ እንደነበር የሚታወቀው። አራት ነገር እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ታኮ ያደርጋል። ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሞተሩ ቢጠፋ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ ረዳቱ ከበሩ ዘሎ ይወርድና ከጎማው ኋላ እንጨት ወይም ድንጋይ ይወሽቃል። ሾፌሩ ፍሬኑን ለቆ መውረድ አይችልም፤ ሾፌርና ታኮ አድራጊ አንድ ሰው መሆን አይችሉም። ጥሩ ረዳት ደግሞ መኪናው ከተነሣ በኋላ ድንጋዩን ከመንገዱ ያነሣል፤ ለሚከተለው መኪና እንቅፋት እንዳይሆን።

ሁለተኛ፣ ሌሊት ይጠብቃል። ሾፌሩ እንዲነዳ መተኛት አለበት፤ ረዳቱ ግን በሸራው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ጭነቱን ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ በቀኝ ይቀመጣል። በአገራችን መሪው በግራ ስለሆነ ሾፌሩ የገደሉን ጠርዝ በቀኝ በኩል በደንብ አያይም። የቀኙ ጎማ ከጠርዙ ምን ያህል እንደራቀ የሚነግረው ረዳቱ ነው። እንቅልፍ ሲጫጫነው ያወራዋል፣ ውሃ ያቀብለዋል።

አራተኛ፣ ያስወጣል፣ ያስገባል። ከመርካቶ ጠባብ መንገድ ሲወጣም ሆነ ወደ መጋዘን ወደ ኋላ ሲገባ፣ ከኋላ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ “ና! ና! ና! በቃ!” የሚለው ረዳቱ ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው በመኪናው ላይ ትንሹ ሰው ነው። ሾፌሩ በስሙ ይጠራል፣ ይከበራል፤ ረዳቱ ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ አይጠየቅም። ሾፌሩ ሲበላ እርሱ ጎማ ያያል። ቅባቱና አቧራው የእርሱ ነው።

አሁን መዝሙር 121ን ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ዘማሪው ዓይኑን ወደ ተራሮች አንሥቶ ረዳት ከወዴት እንደሚመጣለት ይጠይቃል። እኛ ይህን ጥያቄ እናውቀዋለን፤ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ላይ ሆኖ ያልጠየቀው ሾፌር የለም። መልሱም ሰማይንና ምድርን ከሠራው ዘንድ እንደሚመጣ ይናገራል። ከዚያ ረዳቱ ምን እንደሚሠራ ይዘረዝራል፤ እግርን ከመናድ ይጠብቃል፤ አይተኛም፣ አያንቀላፋም፤ በቀኝ እጅ በኩል ጥላ ይሆናል፤ መውጣትንና መግባትን ይጠብቃል። አንድ ሐሙስ ማታ ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ “ይኼማ ታኮው ነው! ይኼ የሌሊት ጥበቃው ነው! ይኼ የቀኝ ወንበሩ ነው!” ብሎ ጮኸ፤ እኛም አንድ በአንድ ቆጠርናቸው። አራቱም አሉ።

በዚያ ማታ ልባችንን የነካው ግን ከዚህም ይልቅ ሌላ ነገር ነበር። ሰማይንና ምድርን የሠራ ጌታ፣ ባለ መኪና ወይም ሾፌር ተብሎ ቢጠራ በተገባው ነበር፤ እርሱ ግን በመኪናው ላይ ትንሹ ሰው የሚጠራበትን ስም አላፈረበትም። ሳሙኤል በምጽጳና በሼን መካከል ድንጋይ አቁሞ አቤንኤዘር ብሎ ሰየመው፤ የእርዳታ ድንጋይ ማለት ነው (1ኛ ሳሙኤል 7፥12)። ከተንሸራታች ጎማ ኋላ ድንጋይ ወሽቆ ለሚያውቅ ሰው ይህ ስም ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

በለቅሶ ቤት የቀረበልን ጥያቄ

እስከዚህ ያለውን ብቻ ጽፈን ብናቆም ደስ የሚል ትምህርት ይሆን ነበር። ነገር ግን እውነቱን ሙሉ አንነግራችሁም ነበር።

ከመካከላችን አንድ ወንድም በአባይ በረሃ ላይ አለፈ። ብቻውን ነበር። የቀረውን ዝርዝር ለቤተሰቡ እንተወዋለን። ይህ ወንድም ከሁላችን ይልቅ ጸሎተኛ ነበር፤ መዝሙር 121ን በቃሉ ያውቀው ነበር፤ ሳይጸልይ ሞተር አያስነሣም።

በሦስተኛው ቀን በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለን ባለቤቱ መጣችና በፊታችን ቆመች። አልጮኸችም። “እናንተ ሁልጊዜ ረዳታችን እግዚአብሔር ነው ትላላችሁ” አለችን። “ያን ቀን ረዳቱ የት ነበር?”

ከመካከላችን የመለሰላት አልነበረም። አንዳንድ ሰዎች በዚያ ድንኳን ውስጥ ፈቃዱ ነው፣ ለበጎ ነው ሲሉ ሰምተናል። በፍቅር ነው ያሉት። እኛ ግን ይህን ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም።

ከእኛ ጋር አንድ አባት ተቀምጠው ነበር። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ ከእኛ በፊት የነዱ፣ ዛሬ በምርኩዝ የሚሄዱ ሽማግሌ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። እርሳቸው “ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ” አሏት። ተቀመጠች። ከዚያ እንዲህ አሉ።

“እኔ ሾፌር ከመሆኔ በፊት ረዳት ነበርኩ። በኤን ትሬ ላይ፤ ያ የጣሊያን ፊያት። ያን ጊዜ መሪው እንደ ዛሬው ቀላል አይደለም፣ ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ቀን ከጣርማ በር ስንወርድ ፍሬኑ እምቢ አለ። አለቃዬ መለከተኝና ‘ዝለል!’ አለኝ። በሩን ከፈትኩት። መሬቱን አየሁት። መዝለል እችል ነበር፤ ልጅ ነበርኩ፣ ቀላል ነበርኩ። ዞር ብዬ ፊቱን አየሁት። በሩን ዘጋሁት።

“ሁለታችንም መሪውን ያዝን። ከገደሉ እናሽሸው፣ ወደ ተራራው እናስጠጋው ብለን ታገልን። መታው። እኔ እግሬን ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ። እርሱ ግን እስከ ማታ ነው የቆየው። እጄን ይዞ ነው ያለፈው።

“እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ምን ረዳሁት? እኔ ስለቆየሁ መኪናው አልቆመም። እርሱም አልዳነም። ነገር ግን ሚስቱ ዘንድ ሄጄ የነገርኳት አንድ ነገር ነው፤ ብቻውን አልነበረም አልኳት። እርሷም ዕድሜዋን ሙሉ ይህን እየደጋገመች ታስነግረኝ ነበር።”

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፦ “ልጄ፣ የባልሽን መኪና ጌታ ለምን እንዳላቆመው እኔ አላውቅም። የማውቅ መስዬ አልዋሽሽም። ያልዘለለ ረዳት እንደነበረው ግን አውቃለሁ።”

እህታችን ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። በመጨረሻ “ይበቃኛል አልልም” አለች። “ብቻውን አልነበረም የሚለውን ግን እይዘዋለሁ።”

ያልዘለለው

ከዚያ ቀን ወዲህ የወንጌሉን የስቅለት ታሪክ ስናነብ ዓይናችን የሚያርፍበት ቦታ ተለውጧል። ማቴዎስ 27ን ከቁጥር 39 እስከ 42 ተመልከቱ። በመንገዱ የሚያልፉት፣ የካህናት አለቆቹም ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ ከመስቀል ውረድ። በሾፌር ቋንቋ ስንሰማው “ዝለል!” ነው። መውረድ ይችል ነበር። በሩ ክፍት ነበር። እርሱ ግን አልወረደም፤ እኛ በዚያ መኪና ውስጥ ነበርንና።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ስሙ ኮልፌ ቀራንዮ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ የሚኒባሱ ረዳት በበሩ ተንጠልጥሎ “ቀራንዮ! ቀራንዮ!” እያለ ይጣራል። ስንት ዓመት ሰምተነው አልፈናል! የሰፈር ስም ሆኖብን፣ የታክሲ መውረጃ ሆኖብን። ቃሉ ግን ረዳታችን ያልዘለለበት ኮረብታ ስም ነው። አሁን ያንን ልጅ ስንሰማው ሳያውቅ እየሰበከልን ይመስለናል።

ወገኖች፣ ልብ በሉ። እግዚአብሔር ከአደጋ አይጠብቅም ማለታችን አይደለም። ጠብቆናል። ከመካከላችን ከአንድም ሁለት ጊዜ ከገደል አፋፍ የተመለስን አለን፤ ምስክርነታችንን በጉባኤ ሰጥተናል፣ ወደፊትም እንሰጣለን። ነገር ግን የእርሱ ረዳትነት የሚለካው መኪናው በመቆሙ ብቻ ከሆነ፣ ያልቆመላቸው ወንድሞች ረዳት አልነበራቸውም ማለት ሊሆን ነው። ቀራንዮ ይህን እንድንል አይፈቅድልንም። አብ የሚወደው ልጁ ራሱ ቁልቁለቱን እስከ ታች ወርዷል፤ ጨለማውን፣ ጥሙን፣ መተዉን ቀምሷል። ስለዚህ በየትኛውም በረሃ ውስጥ እርሱ ያልደረሰበት ኩርባ የለም። በትንሣኤውም ደግሞ ቁልቁለቱ የመንገዱ መጨረሻ እንዳልሆነ አሳየን፤ ከወንዙ ማዶ ዳገት አለ፣ ከዳገቱም ላይ ከተማ አለ።

“ልወርድ ነው”

ከለቅሶው በኋላ ባሉት ሐሙሶች መክብብ 4ን ስናጠና ከረምን። ጠቢቡ ከአንድ ሁለት ይሻላል ይላል፤ ቢወድቁ አንዱ ሌላውን ያነሣል፤ ብቻውን ሆኖ የሚወድቀውን ግን ያዝንለታል። ይህን አንብበን ዝም ብለን ወደ ቤታችን ብንሄድ ምን ይረባናል? ለሁላችን ረዳት መቅጠር አንችልም። የምንችለውን ግን ማድረግ እንችላለን።

ስለዚህ እንዲህ ተስማማን። ብቻውን የሚጓዝ ወንድም አፋፍ ላይ ሲደርስ፣ ከባድ ማርሽ ከማስገባቱ በፊት፣ ኮልፌ ላለ አንድ ሰው ይደውላል። ቃሉ አጭር ነው፤ “ልወርድ ነው።” ስልኩን ያነሣው ሰው የያዘውን ሥራ አቁሞ ይቀመጣል። አብዛኛውን ጊዜ በረሃው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ስለዚህ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ስልክ አይሠራልንም። በዚያ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓትም ይሁን ሦስት፣ አንድ ሰው ለዚያ ሾፌር ስሙን እየጠራ ይጸልያል። ደጀን ሲደርስ ሌላ ጥሪ ይመጣል፤ “ወጣሁ።” ያን ጊዜ ሁለቱም ጌታ ይመስገን ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ትንሽ ነገር ነው። ፍሬን አይጠግንም፣ መንገድ አያስተካክልም። ግን የሚወርደው ሰው አንድ ሰው እንደተቀመጠለት እያወቀ ይወርዳል። ከአፋፍ ሆኖ “ልወርድ ነው” ለማለት የሚቆመውም ያቺ ጥቂት ደቂቃ ረድታናለች፤ ሰው ሲደውል ይቆማል፣ ሲቆም ጎማውን ያያል፣ ፍሬኑን ይሞክራል፣ ማርሹን ያስባል። በማታውም እንዲሁ ነው። ከተማ ውስጥ ፈተና ሲመጣ ያው ስልክ ይሠራል። ከመካከላችን አንዱ ፍኖተ ሰላም ላይ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ደውሎ “ልወርድ ነው” ሲል፣ ስልኩን ያነሣው ወንድም ስለ የትኛው ቁልቁለት እንደሚናገር ወዲያው ገባው። እስኪነጋ አወሩ።

እህታችን፣ ያ ወንድም ባለቤቷ የነበረው፣ ለወራት ወደ ሐሙሱ ጸሎት አልመጣችም። እኛም አልጎተትናትም፤ ልጆቿን እየጠየቅን፣ የምንችለውን እያደረስን ቆየን። አንድ ቀን ራሷ መጣችና እንዲህ አለች፦ “ቀን ቀን ቤት ነኝ። ልወርድ ነው የሚለውን ስልክ እኔ ልቀበል።” ደነገጥን። “ይከብድሻል” አልናት። “ይከብደኛል” አለች፤ “ለእርሱ ግን የሚቀመጥለት ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረንም። ለእናንተ ይኑር።”

ዛሬ ከጎሐ ጽዮን ስንደውል የምናገኘው ድምፅ የእርሷ ነው። አንዳንድ ቀን ከእርሷ ጋር ሆነን የምንፈራው ለራሳችን ሳይሆን ለእርሷ ነው። “ወጣሁ” ስንላት ከወዲያ በኩል የምትተነፍሰው ትንፋሽ ይሰማናል። ጥያቄዋን ትታዋለች አንልም፤ እንደያዘችው ነው። ከጥያቄዋ ጋር ግን በቀኝ ወንበር ተቀምጣለች።

ለእናንተም

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ መሪ ይዛችሁ አታውቁም ይሆናል። ቁልቁለት ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። ከአገር ቤት ወጥቶ በዓረብ አገር ወይም በአሜሪካ ጭነት መኪና የሚነዳ፣ በጋቢናው ውስጥ ይህን በስልኩ የሚያነብ ወንድም አለ። ሥራ አጥቶ ለሚስቱ ያልነገረ ባል አለ። በአዳራሽ መካከል ተቀምጦ ብቻውን የሆነ ምእመን አለ። የእናንተ ጎሐ ጽዮን የት ነው? ሳትወርዱ በፊት “ልወርድ ነው” የምትሉት ሰው አላችሁ? ከሌላችሁ ፈልጉ፤ በቤተ ክርስቲያናችሁ ካሉት አንዱን በስሙ ጥሩት። ደግሞም ስልክ የምታነሱ ሁኑ። ታኮ መሆን ትልቅ ስጦታ አይጠይቅም፤ በሰዓቱ መገኘት ብቻ ነው።

ኢየሱስን ገና ላላወቃችሁት ደግሞ አንድ ሰው እናስታውሳችሁ። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለው የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው ምድረ በዳ መንገድ፣ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ባለ ሥልጣን ነበር፣ ገንዘብ በእጁ ነበር፤ የሚያነበውን የሚያስረዳው ግን አልነበረውም። ፊልጶስ ሮጦ ሲደርስበት ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ወጥቶ ከእርሱ ጋር እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ በኋላ ስለ ኢየሱስ ሰማ፣ አመነ፣ ውሃ ባገኙበት ተጠመቀ። ፊልጶስን ዳግመኛ አላየውም፤ ነገር ግን ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። ሰው ወርዶ ሲሄድም የማይወርድ ረዳት በቀኙ ተቀምጦ ነበርና። እናንተም የቀኙን በር ክፈቱለት፤ ኢየሱስ አልፎ አይሄድም።

አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ በተራሮች መካከል ብቻቸውን የሚጓዙትን ሁሉ ዛሬ በፊትህ እናስባለን። በአፋፍ ላይ ያሉትን አስተዋይነት ስጣቸው፤ በቁልቁለት ላይ ያሉትን ያዛቸው፤ የታገቱትን ወደ ቤታቸው መልስ። በመንገድ ያጣናቸውን ወገኖች ቤተሰቦች አጽናና፤ ጥያቄያቸውንም አትናቅ። እኛን እርስ በርሳችን ታኮ አድርገን። ያልዘለልክ ረዳታችን ስለሆንህ እናመሰግንሃለን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይጠብቅ። ተባረኩ።